የእፉኝቷ ክምር

«ጥላህን አንሳልኝ» አለች ዘሪቱ፣ በሆዷ እንደተኛች።

የሺዋስ ወደ ጎን ፈቀቅ አለ። ድንጋዩ ላይ ፀሐይ ስትሞቅ የነበረችው እንሽላሊት ግን ስንጥቁ ውስጥ ገብታ ጠፋች። ዘሪቱ ካሜራዋን ሳታወርድ፣ አገጯን አፈር ላይ አስደግፋ መጠበቅ ጀመረች።

«ተመልሳ ትወጣለች እንዴ?»

«ሲበርዳት ትወጣለች።»

«እኔንም በርዶኛል እኮ» አለ የሺዋስ፣ ጋቢውን እየሰበሰበ።

የካቲት ቢሆንም የጮቄ ተራራ ነፋስ ገና ጥርስ ያንቀጫቅጫል። ዘሪቱ ደብረ ማርቆስ ከተማ መድኃኒት ቤት ተቀጥራ ነው የምትኖረው። ሳምንቱን ሙሉ ነጭ ጋዋን ለብሳ መድኃኒት ስትሸጥ ትሰነብትና፣ ቅዳሜ በማለዳ ሚኒባስ ተሳፍራ ሮብ ገበያ ከተማ አጠገብ ወዳለው የትውልድ ቀዬዋ ከች ትላለች። ዘመድ ልትጠይቅ ቢሆን ደግ ነበር። እሷ የምትመጣው እባብና እንሽላሊት ፎቶ ልታነሳ ነው። ሰው አበደች ብሏል፤ ሰምታለች፤ ሰምታም ትታዋለች።

ታናሽ ወንድሟ የሺዋስ ግን ሰምቶ መተው አልሆነለትም። ብቻዋን ተራራ ለተራራ ስትዞር አንድ ነገር ብትሆን የሚወቀሰው እሱ ነውና ዛሬ ተከትሏታል። ከመነሳታቸው በፊት አስምላዋለች። «ያየነውን አንዱንም አትገድልም» ስትለው ብዙ አቅማማ። በዚያ አገር እባብ አይቶ ዝም ብሎ ማለፍ ነውር ነው፤ አንዱ አይቶ ያለፈው እባብ ነገ የጎረቤትን ልጅ ቢነክስ ተጠያቂው ያ ያለፈው ሰው ነው። በመጨረሻ «በጊዮርጊስ፣ ለዛሬ ብቻ» ብሎ ማለላት። ዱላውን ግን ቤት አልተወም።

እንሽላሊቷን ሲጠብቁ እትየ የኔአለም የምትባል ጎረቤት በዚያ በኩል ስታልፍ አየቻቸው።

«ምነው ልጆች፣ ምን ጠፋባችሁ?»

የሺዋስ ደንግጦ አፉ ላይ የመጣለትን ተናገረ። «የጆሮ ጌጧ ወድቆባት ነው።»

«ወርቅ ነው?»

«እ... አዎ፣ ወርቅ ነው።»

ከዚያማ ማን ይመልሳት! እትየ የኔአለም ቅርጫቷን አስቀምጣ፣ ተንበርክካ፣ እጇን በየስንጥቁ እየሰደደች ትዳብስ ጀመር። ስንጥቁ ውስጥ እባብ ቢኖርስ ብላ ዘሪቱ ሰጋች።

«ተይው እትየ፣ እጅሽን አታስገቢ።»

«ምን እንዳልሆን ነው? ዕድሜዬን ድንጋይ ስለቅም የኖርኩ ሰው ነኝ።»

ዘሪቱ ሌላ መላ ሲያጥራት ባዶ እጇን ጨብጣ «ይኸው፣ አገኘሁት!» አለች። እትየ የኔአለም መርቃት፣ ቅርጫቷን አንስታ ሄደች። የሺዋስ እስክትርቅ ድረስ ሳቁን አፍኖ ቆየ።

«እንዲህ ያለ ውሸት ከየት አመጣኸው?»

«ታዲያ ምን ልበላት? እህቴ እንሽላሊት እስኪበርዳት እየጠበቀች ነው ልበል?»

ቀኑ እንዲህ እየተሳሳቁ ተገፋ። አስታ በሚባለው ቁጥቋጦ ውስጥ ቅጠል መስላ የተቀመጠችውን እስስት ቀድሞ ያያት የሺዋስ ነው። አይቶም አፉን በጋቢው ሸፈነ፤ እስስት ጥርስ ከቆጠረች ጥርስ ይረግፋል እያለች እናታቸው ስታስፈራራቸው ነው ያደጉት። ዘሪቱ ሆን ብላ ጥርሷን ገልጣ ፎቶ አነሳች። እየቆየ የሺዋስንም ነገሩ ጣመው። ቀትር ካለፈ በኋላ ከፊት ከፊት እየሄደ፣ በየቁጥቋጦው እያጎነበሰ «እታለም፣ ነይ፤ ቀስ ብለሽ» ይላት ጀመር። ከልጅነታቸው ወዲህ እንዲህ አብረው ውለው አያውቁም ነበር፤ ዘሪቱ ይህን እያሰበች ደስ አላት።

ወደ ቤት ሲመለሱ በየሺዋስ የገብስ ማሳ ዳር አቋረጡ። እዚያ አባታቸው ከማሳው ለቅመው የጀመሩት፣ እሱም በየዓመቱ የጨመረበት ትልቅ የድንጋይ ክምር አለ። ዘሪቱ ድንገት እጁን ያዘችው።

እፉኝት ናት። ከክምሩ ግርጌ እንደ መቀነት ተጠቅልላ ፀሐይ ትሞቃለች። ወፍራም ናት፤ በጥቁር ገላዋ ላይ ቢጫ ጥለት አለባት። ዘሪቱ ይህችን እፉኝት ብላ ስንት ቅዳሜ ዳገት ወጥታለች! ከሩቅ ሆና ደጋግማ ፎቶ አነሳቻት። ካሜራውን ስታወርድ ዓይኗ እንባ ሞልቶ ነበር።

«ጨረስሽ?» አለ የሺዋስ። ዱላውን አጥብቆ ከመጨበጡ የተነሳ የእጁ ሥር ተገታትሯል።

«ጨረስኩ። የሺዬ፣ ደስ ብሎኛል።»

«እኔ ግን ደስ አላለኝም።» ራቅ ብሎ መሬት ላይ ተቀመጠ። «ሰኞ የእርከን ሥራ በእኔ ማሳ በኩል ነው። ወንዱ ይቆፍራል፣ ሴቶቹ ከዚህ ክምር ድንጋይ ያነሳሉ። እትየ የኔአለምም አለችበት። የቡድኑ መሪ እኔ ነኝ፤ ድንጋዩን ከእኔ ውሰዱ ያልኩትም እኔው ነኝ።»

ዘሪቱ የካሜራዋን ሌንስ ከደነች።

«ብትነክሳቸው መድኃኒቱ አንቺ ጋ አለ?»

ልትዋሸው አልፈለገችም። «የለም። የዚህችን መርዝ የሚሽር መድኃኒት በእጄ ገብቶ አያውቅም።»

«እንግዲያው ነገ ከቅዳሴ መልስ ሰው ይዤ እመጣለሁ። ቃሌ እንደሆነ ለዛሬ ነው።»

«ነገ እሁድ ነው።»

«እባብ መግደል ሥራ አይደለም።»

ልትቆጣው ፈለገች፤ ግን በምን አፏ? እሱ ባይከተላት ኖሮ ፎቶዋን ይዛ፣ ለማንም ትንፍሽ ሳትል፣ በማታው ሚኒባስ ማርቆስ ትገባ ነበር። ሰኞ ሴቶቹ እጃቸውን እዚህ ክምር ውስጥ ሲሰዱ እሷ መደርደሪያ ታጸዳ ነበር። ይህን ስታስብ በራሷ ደነገጠች።

«ድንጋዩ ከወንዝ ቢመጣስ?»

«ከወንዝ? ዳገቱ የት ሄዶ! ደግሞስ ምክንያቱን ሲጠይቁኝ ምን እላለሁ? እፉኝት አለች ካልኩ ዛሬውኑ እሳት ይለቁባታል።»

«ለቤት መሠረት እፈልገዋለሁ በላቸው።»

የሺዋስ ሳቀ፤ የደስታ ሳቅ አልነበረም። «የሰውን ድንጋይ ሳስነሳ ከርሜ የራሴን ልሰስት? መሪያችን የራሱን ቆልፎ እኛን ዳገት ሰደደን ሊሉኝ? ስስታም የምባለው እኔ፣ ድንጋይ የሚሸከሙት እነሱ፤ አንቺ ሰኞ ጋዋንሽን ለብሰሽ ጥላ ሥር ነሽ። እታለም፣ ይኼ ደግ አይደለም።»

እውነቱን ነው፤ እውነት መሆኑ ነው ያሳመማት። እፉኝቷ ፀሐዩ ሲሸሻት ቀስ ብላ ተፈታችና ድንጋዮቹ መሃል ገባች።

ዘሪቱ ስልኳን አውጥታ የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት ወደ ሆኑት ወደ አቶ አማረ ደወለች።

«አቶ አማረ፣ ሰኞ አልገባም። ከዓመት ፈቃዴ ይያዝልኝ።»

«ምነው፣ አመመሽ?»

«ደህና ነኝ። ድንጋይ ልሸከም ነው።»

አቶ አማረ ነገሩ ግራ ቢያጋባቸውም ይሁን ብለው ዘጉት። ያቺ ፈቃድ እንኳ የምትነካ አልነበረችም። ባሌ ተራራ ላይ ቀንድ ያላቸው እስስቶች አሉ ስለተባለች፣ ከፋሲካ በኋላ ልትሄድ ከዓምና ጀምራ የቋጠረቻት ናት። አንድ ቀን ቢቀነስባት ግድ የለም፣ በቀረው እደርሳለሁ ብላ አሰላች።

የሺዋስ አፈሩን በዱላው ጫፍ እየጫረ ሲሰማት ቆየ።

«እጅሽ ይላጣል።»

«ይላጥ።»

«ሳትጠይቂኝ ደወልሽ እንጂ የወንዙ ድንጋይ በአንድ ቀን አያልቅም። ሳምንቱን ሙሉ ይፈጃል። አንቺ አንድ ቀን ተሸክመሽ ብትሄጂ ከናካቴው መሳቂያ ነው የምሆነው። እህቱ ፎቶ ልትነሳ መጣች ይሉናል።» ቀና ብሎ አያት። «ከእነሱ ጋር እስከ መጨረሻው ከተሸከምሽ እኔም ስስታም ልባል። ክምሩን በእሾህ አጥረዋለሁ፤ ሰው አይጠጋውም። መሠረት ላወጣበት ነው እላለሁ። ይስቁ፤ ሲበቃቸው ይተዉታል።»

ዘሪቱ ክምሩን አየች፤ ካሜራዋን አየች። ሳምንት ከሄደባት ለባሌ የሚተርፍ ነገር የለም። ይህን ለወንድሟ አልነገረችውም፤ ቢያውቅ የሚያዝን መሰላት።

ስልኳን መልሳ አወጣች።

«አቶ አማረ፣ ይቅርታ፣ ደግሜ አስቸገርኩዎት» አለች። «ሰኞን ብቻ አይደለም።»