ውሃ ውስጥ ያደሩት መዶሻዎች

አራተኛውን መዶሻ አየሉ የወሰደው ዋሽቶ ነው።

"ሺሞን ለቆጠራ ይፈልገዋል" አላቸው፣ ቤርሼባ አሮጌው ከተማ፣ ሃዒር ሃዓቲቃ ውስጥ፣ ግድግዳ ለሚያፈርሱት ሁለት ጎረምሶች። አንደኛው ትከሻውን ነቀነቀና አቀበለው። አየሉ ብረቱን በአውራ ጣቱ ገፋ ሲያደርገው እጀታው ላይ ተወዛወዘ። ትንሽ ቢዘገይ ኖሮ ይህኛውም በርሮ አንዱን ልጅ ያገኘው ነበር።

መዶሻውን ሚስቱ ገበያ ስትወጣ በምትጎትተው ባለ ጎማ ዘንቢል ውስጥ፣ ከሦስቱ ጋር ከተተው። እያንዳንዱ አምስት ኪሎ ነው። የስልሳ ሦስት ዓመት ሰው ሃያ ኪሎ ብረት እየጎተተ፣ በዚያ ትኩስ የበረሃ ነፋስ ውስጥ ወደ አውቶቡስ ሲሮጥ መንገደኛው ሁሉ ዞር እያለ አየው። ይየው። አንድ መዶሻ ገና ቀርቷል፤ ሽኩና ሄ የሚባል ሰፈር ነው ያለው፣ የሥራ ባልደረባው መንበሩ እጅ።

በጠቅላላው ስድስት ነበሩ። የመጀመሪያው ዛሬ ጠዋት ሽኩና ቤት የሚባል ሌላ ሰፈር ውስጥ፣ ቢልልኝ የሲሚንቶ ደረጃ ሲያፈርስበት ከእጀታው ወጣ። ግድግዳ መትቶ ተመለሰና የቢልልኝን ጉልበት አደቀቀው። ቢልልኝ ከኢትዮጵያ ከመጣ ዓመት አልሞላውም፤ ሥራውም ገና የሙከራ ነው። አምቡላንሱ እንደሄደ አለቃቸው ሺሞን "መዶሻ አያያዝ አያውቅም፣ በጎኑ ነው የመታው" ብሎ ፈረደ። አየሉ አጠገባቸው ቆሞ ነበር። ባዶውን እጀታ አንስቶ ጫፉን አየው፤ እንጨቱ ደርቆ ኮስምኗል። ያን ጊዜ ሁሉም ነገር ገባው። አፉን ግን አልከፈተም።

ጥፋቱ የራሱ የአየሉ ነው። አየሉ የቀጥቃጭ ልጅ ነው። ጎንደር ገጠር፣ አባቱ ዛቢያው የላላ መጥረቢያ ሲመጣላቸው ወንዝ ውስጥ ያሳድሩት ነበር። እንጨቱ ውሃ ጠጥቶ ያብጥና ብረቱን ጥርቅም አድርጎ ይይዛል። እዚያ አየሩም እርጥብ ነው፤ ቢላላም ባለቤቱ እንደገና ያመጣዋል። ባለፈው ሳምንት ሺሞን ስድስት የመዶሻ ራስና ስድስት እጀታ ገጣጥም ብሎ ሲሰጠው፣ አየሉ የእጀታውን ጫፍ ሰንጥቆ ሽብልቅ መምታቱን ተወና ባልዲ ውስጥ አሳደራቸው። በማግስቱ ሺሞን አንዱን አንስቶ ድንጋይ ላይ ሦስት ጊዜ አሳረፈው። ንቅንቅ አላለም። የቤርሼባ አየር ግን እንኳን ከእንጨት ከሰው አፍም ምራቅ አያስተርፍም። ከሠላሳ ዓመት በላይ እዚህ ኖሮ ይህን ይርሳው? ረሳው።

ያን ዕለት ሺሞን ትከሻውን መታ መታ አድርጎ "አየሉ ሃናፓሕ!" አለው፤ ቀጥቃጩ አየሉ ማለቱ ነው። አገር ቤት ይህ ቃል ስድብ ነበር። የጎረቤት ልጅ ካመመው የቀጥቃጩ ዓይን ነው፣ ቡዳው ነው ይባላል። እዚህ ደግሞ መንገድ ሲጠርግ ስም የሚባል ነገር አልነበረውም፤ "አንተ፣ ና" ነበር። በስልሳ ሦስት ዓመቱ የአባቱ ሙያ በአክብሮት ተጠራለት። ባለፈው ሳምንት ቀና ብሎ ሄደ። አሁን ይህን በገዛ አፉ ይጣለው? ሞቱን መረጠ።

አውቶቡስ ውስጥ ስልኩ ጮኸ። የቢልልኝ ሚስት ኩኩ ናት፣ ከሆስፒታል።

"አባባ አየሉ፣ ኒቱዋሕ ሊያስገቡት ነው፤ ጉልበቱን ቀዶ ሕክምና ሊያደርጉለት። እሱ ደግሞ 'አያያዜ ነው፣ እኔ ነኝ ያጠፋሁት' እያለ ያለቅሳል። ሺሞን ጦፌስ የሚሉትን የአደጋ ቅጽ ይዞ መጥቶ ፈርም ይለዋል። ወረቀቱን እኛ አናነበውም፤ ምን ልበለው?"

"ቆይ በይው።"

"ጥፋቱ የሱ ነው እንዴ አባባ? እርስዎ እዚያ ነበሩ።"

"አውቶቡስ ላይ ነኝ ልጄ፣ አይሰማም" ብሎ ዘጋባት። ይሰማ ነበር። ጥርት ብሎ ይሰማ ነበር።

ሽኩና ሄ ሲወርድ የመንበሩ መዶሻ ከፎቆቹ መሀል እየጮኸ ነው። በእያንዳንዱ ምት አየሉ ዓይኑን ይጨፍናል። መንበሩ የአርባ ዓመት ጎልማሳ፣ ክንደ ብርቱ ነው፤ የተሰበረ አግዳሚ ወንበር መሠረት ያፈርሳል። ከጀርባው አንዲት እናት ሕፃን በጋሪ እየገፋች ታልፋለች።

"መንበሩ! አቁም! አቁም አልኩህ!"

"ምን ሆኑ አባባ? ላብ በላብ ነዎት እኮ።"

"መዶሻውን ስጠኝ። ሺሞን ለቆጠራ ይፈልገዋል።"

"ቆጠራ ሐሙስ አይደል እንዴ? ይህን ቤቶን፣ ይህን ሲሚንቶ እስከ ምሳ ካልጨረስኩ ሺሞን ይበላኛል።"

አየሉ እጀታውን ያዘ። መንበሩም አልለቀቀም።

"ስጠኝ ብያለሁ!"

"ቤሴዴር፣ እሺ። ደውዬ ልጠይቀው።"

"አትደውል።"

"ላማ ሎ? ለምን አልደውልም?" መንበሩ ሳቀ። "እንደ ቢልልኝ መዶሻ መያዝ የማላውቅ መሰልኩዎት?"

ወሬው እዚህ ደርሷል ማለት ነው። ለሻባት፣ ለቅዳሜ፣ ምኩራብ ይገባል፤ ከዚያ ወዲያ ቢልልኝ መዶሻ መያዝ የማያውቀው ሰውዬ ነው፤ እሱም ራሱ ያምነዋል፣ እያመነው ነው። አየሉ መሠረቱ ላይ ቁጭ አለ፤ መዶሻውን ግን አልለቀቀም።

መንበሩ በሌላው እጁ ደወለ። ሺሞን ወዲያው አነሳ፤ ከጀርባው የሆስፒታል ጥሪ ይሰማል።

"ማ ኮሬ? ምን ሆናችሁ?"

አሁንም ማምለጥ ይቻል ነበር። ቀኑን ተሳስቼ ነው ማለት ይበቃል፤ ሽማግሌ ነው፣ ያምኑታል። መዶሻውን ግን መንበሩ መልሶ ያነሳዋል። አየሉ እጁን ዘርግቶ ስልኩን ወሰደ። ሽብልቅ በዕብራይስጥ ምን እንደሚባል አያውቅም። እንጨት ማበጡን፣ መድረቁን የሚያስረዳበት ቃል የለውም።

"ሺሞን፣ ቢልልኝ ሎ አሼም" አለ፣ ቢልልኝ ጥፋት የለበትም። "አኒ። እኔ ነኝ። መዶሻው፣ ሁሉም መዶሻ፣ አኒ።"

መንበሩ በእጁ ያለውን ብረት አሁን ገና አየው፤ ወዘወዘው፣ ቀስ ብሎም መሬት አስቀመጠው።

"ጦፌሱ ላይ" አለ አየሉ፣ "ቢልልኝ አትጻፍ።"

"አዝ ማ? ታዲያ ምን ልጻፍ?"

ዕብራይስጥ በሚማሩበት ኡልፓን ገብቶ አሳምሮ መጻፍ የቻለው አንድ ቃል ብቻ ነበር፤ የገዛ ስሙን። ሺሞን እንዳይሳሳት ፊደል በፊደል፣ ቀስ እያለ አስጻፈው።

"አሌፍ" አለ። "ዮድ። እንደገና ዮድ። ላሜድ። ቫቭ።"