መልኩን እዪልኝ

ማ ዱሺክ የአንጀት ማጠቢያውን ሦስተኛ ብርጭቆ አፍንጫውን ይዞ ጨለጠው። ሎሚ ሎሚ ይሸታል፤ ጣዕሙ ግን ጨው የተጨመረበት የሳሙና ውሃ ነው። ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ ሲያኖር ዓይኑ የሚስቱን ጀርባ እየተከተለ ነበር። ጆምሱን ከበሩ አጠገብ ጎንበስ ብላ ሐምራዊ የላስቲክ ጫማዋን ታጠልቃለች። ገና ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ነው፤ ከቤት ስትወጣ ግን ሦስተኛ ጊዜዋ ነው።

«ደግሞ ወዴት ነው?»

«ቆሻሻ ልጥል።»

«ቅድም ጥለሽ አልነበር እንዴ?»

«ቅድም የጣልኩት የቅድሙን ነው» አለችና በሩን ከኋላዋ ዘጋችው።

በእጇ ምንም ከረጢት አልያዘችም። የጃኬቷ ግራ ጎን ግን አበጥ ብሏል።

ዱሺክ የማይጠረጥረው ነገር ቢኖር የራሱን ጥርጣሬ ብቻ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በጉንሳን ከተማ የገበያ ሚዛን ተቆጣጣሪ ሆኖ ሠርቷል። ከሚዛን ሥር የተለጠፈች ማግኔትም ሆነ በዓሣ ሆድ ውስጥ የተወተፈ በረዶ የሚያገኘው ዕቃውን አይቶ አልነበረም፤ የሻጩን ፊት አይቶ ነው። ሻጩ ያለወትሮው ደግ ከሆነለት ሚዛኑን ይገለብጠዋል። ጆምሱን ደግሞ ከሦስት ሳምንት ወዲህ ያለወትሮዋ ደግ ሆናለች።

ነገሩ የጀመረው በደብዳቤ ነው። በየሁለት ዓመቱ የሚደረገው ምርመራ ደርሶ ባልና ሚስት የሰገራ ናሙናቸውን በየብልቃጡ አድርገው ከሰጡ በኋላ፣ ከሆስፒታሉ አንድ ፖስታ መጣ። ጆምሱን አነበበችው፤ አጠፈችው፤ ዱሺክ በመስተዋት እያያት የሩዝ ማስቀመጫውን ክዳን ከፍታ ሩዙ ውስጥ ቀበረችው። በማግስቱ፣ «ዕድሜያችን ነው፤ አንጀትህን በካሜራ ትታያለህ፤ ቀጠሮ ይዤልሃለሁ» አለችው። ቀጠሮው ዛሬ ከቀትር በኋላ ስምንት ሰዓት ላይ ነው። ዛሬ ደግሞ በጨረቃ አቆጣጠር ስድሳ ዘጠነኛ ልደቱ ነው።

እንቅልፍ የነሳው ይህ ነበር። ከተጋቡ አርባ ሁለት ዓመታቸው ነው፤ ጆምሱን በልደቱ ጠዋት የባሕር ሣር ሾርባ ሳታቀርብለት የቀረችበት ዓመት የለም። ልጃቸውን ሱልጊን የተገላገለች ሰሞን እንኳ፣ ለአራስነቷ ከተሠራላት የባሕር ሣር ሾርባ ቀንሳ አብልታዋለች። የሆስፒታሉ የመመሪያ ወረቀት ደግሞ ከሁሉ አስቀድሞ የከለከለው የባሕር ሣርን ነው፤ አንጀት ላይ ተለጥፎ ካሜራውን ይጋርዳል ይላል። ሰሊጥ የለም፤ በበርበሬ የተብላላው ጎመን፣ ኪምቺ የለም፤ ያልተፈተገ ሩዝ የለም። ሦስት ቀን ሙሉ ነጭ የሩዝ አጥሚት ብቻ። እንግዲህ የባሏን ልደት በየዓመቱ የቀን መቁጠሪያው ላይ በቀይ የምታከብ ሴት፣ ከስንቱ ቀን መርጣ ይህንን የምትይዘው ጊዜ የማይሰጥ ነገር ቢገጥማት ነው። ልጃቸው ሱልጊም በሥራ ቀን ከዴጆን ከተማ እየመጣች ነው። «ለልደትህ እኮ ነው አባዬ» ብላዋለች በስልክ። ሾርባ ለሌለው ልደት?

ጆምሱን ራሷም ሦስት ቀን ኪምቺ አልነካችም። ትይዩው ተቀምጣ የሱኑ አጥሚት ትጠጣለች። ያለ ኪምቺ እህል አይወርድልኝም የምትል ሴት! ዱሺክ ይህን ምልክት ያውቀዋል። እናቱ ሆዷ ውስጥ ዕጢ በቅሎባት ስትማቅቅ እህቶቹ እንዲሁ እህል አልወርድ ብሏቸው ነበር። ለእናቱ ግን፣ «የጨጓራ ቁስል ነው፤ ይድናል» ያላት እሱ ራሱ ነው። አምናው ይሁን አስመስላ እስከ ዛሬ አያውቅም። አሁን ተራው የሱ ደርሶ ይሆናል። ሞትን አልፈራም ቢል ይዋሻል፤ ይበልጥ ያንገበገበው ግን እየተዋሸ መሞቱ ነው።

ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል። ዱሺክ የጠጣው ብቅል ባይሆንም፣ የሱ ሆድ ያባው ሁሉ ከማለዳ ጀምሮ እየወጣ ነበር። አልከፈት ያለው የሷ ሆድ ነው።

ስትመለስ ሽንት ቤት ሆኖ ጠበቃት።

«የሱልጊ እናት! ነዪ፣ መልኩን እዪልኝ!»

ሰገራው እንደ ጠራ ቢጫ ውሃ እስኪሆን ድረስ ይላል ወረቀቱ። ከማለዳ ጀምሮ አራት ጊዜ ጠርቷታል፤ አራቱንም ጊዜ መጥታ አይታለታለች። አሁንም መጣች፤ መነጽሯን አስተካክላ ጎንበስ አለች።

«ገና ነው። የገብስ ሻይ ይመስላል።»

ዱሺክ የሚያየው ሌላ ነገር ነበር። ፊቷ ገርጥቷል፤ ግንባሯ ላይ ላብ ችፍ ብሏል።

«ደብዳቤው ምን ይላል?»

«የምን ደብዳቤ?»

«ሩዝ ውስጥ የቀበርሽው።»

መነጽሯን አውልቃ የእጅ መታጠቢያው ጠርዝ ላይ አኖረችና ዓይኗን አሸት አሸት አደረገች። «አንተ ሰውዬ፣ አንጀትህን ስታጥብ ያንን ጭንቅላትህንም አብረህ እጠበው።»

«ልሞት ነው ወይ? እውነቱን ንገሪኝ፤ እኔ እንደ እናቴ አይደለሁም።»

ጆምሱን አፏን ከፈተች። አንድ ነገር ልትል ነበር፤ ግን እጇ በድንገት ሆዷን ያዘና ፊቷ ተኮማተረ። «መጣሁ» ብላ እየሮጠች ወጣች።

ልታለቅስ ነው የወጣችው፣ አለ ዱሺክ በልቡ።

ሱሪውን ታጥቆ ወደ ሩዙ ሄደ፤ እጁን እስከ ክርኑ ሰዶ ፈለገ። ደብዳቤው የለም። ተመልሶ መነጽሯን ከመታጠቢያው ላይ አነሳና ኪሱ ከተተው። ለምን እንዳነሳው ራሱም አያውቅም። ከዚያ ተከተላት።

ከአሥራ ሦስተኛ ፎቅ የሚወርደው አሳንሰር እንደ ወትሮው አልሄድ አለው። ዘጠነኛው ላይ አንጀቱ አጉረመረመ። ስድስተኛው ላይ ግድግዳውን ያዘ። ሦስተኛው ላይ ሆዱን እንደ ሰው ለመነው፤ «እባክህ ትንሽ ታገሰኝ።»

ከሕንጻው ሥር የአረጋውያን መዋያ አለ። ቁልፉ የሚያድረው ጆምሱን ዘንድ ነው፤ ከቀትር በፊት ማንም አይመጣበትም። በሩ ገርበብ ብሏል። ደፉ ላይ ሐምራዊው ጫማ አለ፤ አንደኛው እግር ተገልብጧል። ጆምሱን ጫማዋን ሳታስተካክል ገብታ አታውቅም። ዱሺክ የራሱንም አውልቆ በካልሲው ወደ ውስጥ ዘለቀ።

ከሴቶቹ ሽንት ቤት አጠገብ ባለው መደርደሪያ ላይ የፕላስቲክ ጠርሙስ ቆሟል፤ እሱ ቤት ካለው ጋር ቁርጥ አንድ ነው። ከግማሽ በታች ጎድሏል። አሸተተው። ሎሚ። ከጠርሙሱ ሥር ያለውም ወረቀት የሱው ዓይነት ነው፤ የሚጠጣባቸው ሰዓቶች አንድ በአንድ በእርሳስ ተሰርዘዋል። ራቅ አድርጎ ይዞ ስሙን አነበበ። ኦ ጆምሱን፤ የሚስቱ ሙሉ ስም። ከስሙ በታች፣ «በናሙናዋ ደም በመታየቱ የተላከች» ይላል።

አንድ ትንፋሽ ያህል ደስ አለው። እኔ አይደለሁም። ሁለተኛው ትንፋሽ ሲመጣ ግን እፍረት ይዞ መጣ። ወለሉ ላይ ቁጭ ብሎ የሽንት ቤቱን በር ተደገፈ። አጥሚቱ የሷ ነበር። ላቡም የሷ ነበር። ሦስት ሳምንት ሙሉ ሚዛኑ አልዋሸውም፤ እሱ ነው የሰው ዕቃ የራሴ ብሎ ሲመዝን የከረመው። ቤታቸው ያለው ሽንት ቤት አንድ ነው፤ እሱን ለሱ ትታለት እሷ በየሃያ ደቂቃው አሥራ ሦስት ፎቅ ስትወርድና ስትወጣ ነበር።

«ማነው?» አለች ከውስጥ።

«እኔ ነኝ።»

«ተከተልከኝ?»

«ተከተልኩሽ። ምናለ ብትነግሪኝ?»

«ምን ብዬ ልንገርህ? አንተ እኮ ሰው ሳይሞት ለቅሶ የምትቀመጥ ሰው ነህ።» ድምጿ በበሩ ውስጥ ቀጥኖ ይመጣል። «ብቻዬን መሄድ ፈራሁ። አንተንም ካስመረመርኩ፣ አንተን ላደርስ የሄድኩ ይመስለኛል አልኩ። ለሁለት ሰው የሚሆን ቦታ የተገኘው ዛሬ ብቻ ነበር። ልደትህን አልረሳሁም።»

«ልደቱን ተዪው።»

«ሱልጊ ታውቃለች። አስተኝተው ነው የሚያዩን፤ ስንነቃ ወደ ቤት የሚወስደን ሰው ያስፈልጋል አሉ።»

«መልኩስ?» አለ ዱሺክ።

በሩን በጣቱ መታ መታ አደረገ።

«የሱልጊ እናት፣ መልኩስ?»

«እኔ እንጃ። መነጽሬን ረስቼው መጣሁ።»

ዱሺክ ኪሱን ዳሰሰ። በበሩ ሥር አሾልኮ ሊሰጣት ይችል ነበር። ከማለዳ ጀምሮ አምስት ጊዜ ጠራት፤ አምስቴም መጣች። የሷን ያየላት ሰው ግን የለም። ቢጫ ይሁን ቀይ፣ ብቻዋን አጎንብሳ፣ ምናልባትም ዓይኗን ጨፍና ነው ውሃ የለቀቀችበት። ፈራ፤ ለራሱ ከፈራው የበለጠ ፈራ። ሆዱ እንደገና አጉረመረመ። የወንዶቹ በር ሦስት እርምጃ ብቻ ነው የሚርቀው። ዱሺክ ግድግዳውን ይዞ ተነሳና እዚያው በሯ ላይ ቆመ።

ከውስጥ የወረቀት መበጠስ ተሰማ።

«ውሃውን አትልቀቂው» አለ።

«ምን?»

«አትልቀቂው። ክፈቺልኝ፤ እኔ አየዋለሁ።»

«ኧረ እፈር!»

«አንቺ አምስቴ አይተሽልኛል።»

ዱሺክ አንድ እጁን ሆዱ ላይ አድርጎ፣ በሌላው መነጽሯን ይዞ ጠበቀ። ብዙ ቆይቶ የበሩ መወርወሪያ ቀስ ብሎ ሲንሸራተት ሰማ።