ያልተነካ ሞተር

ፒካፗ ዳገቱ መሃል ላይ ስትፈላ ኔሬይዳ አልተቆጣችም። የሳምንቱን ቁጣዋን ማክሰኞና ረቡዕ ጨርሳዋለች። ወደ ጥጉ አውጥታ አቆመች፣ ጎማው ሥር ድንጋይ አስገባች፣ ኮፈኑን ከፈተችና የውሃ ጀሪካኗን ታቅፋ እንፋሎቱ እስኪወጣ መንገድ ዳር ተቀመጠች። ከኋላ የጫነችውን ጥቅል ጎመን ፀሐይ እየመታው ነው። ኦኮዋ ገበያ የሚጠብቃት ነጋዴ ደጋግሞ ይደውላል፤ አላነሳችለትም። ምን ልትለው?

በሞተር ብስክሌት የሚያልፍ የሰፈሯ ሰው ፍጥነቱን ቀነስ አድርጎ፣ «ዛሬም ጠማት?» አላት።

«ዛሬም ጠማት። አንተ መንገድህን እያየህ ሂድ።»

ፒካፗን የሰጣት አባቷ ዶን ኤሊሂዮ ነው። ጉልበቱ ፍሪሲዮን አልረግጥም ብሎ ሲያስቸግረው፣ «ከእንግዲህ ያንቺ ናት» ብሎ ቁልፉን እጇ ላይ አስቀመጠላት። መስጠቱን ሰጣት እንጂ አለቀቀላትም። ኮፈኑን ማን እንደሚከፍት የሚወስነው እሱ ነው፤ የሚከፍተውም አንድ ሰው ብቻ ነው፤ አበ ልጁ፣ የኔሬይዳ የክርስትና አባት፣ ሽማግሌው መካኒክ ቱሊዮ። ዶን ኤሊሂዮ የሰፈሩ ሱቅ በረንዳ ላይ ዶሚኖ ሲጫወት ጨዋታው ከቀዘቀዘ የሚያነሳው ወሬ የታወቀ ነው። «የኔ መኪና ሞተር የሰው እጅ አያውቅም» ይላል። «ከፋብሪካ እንደወጣ ነው። ያልተነካ።» ሰሚዎቹ ቃል በቃል ያውቁታል።

ያልተነካው ሞተር ግን የኔሬይዳን ኪስ ያለ እረፍት ይነካል። መጀመሪያ ራዲያተሩ ነው ተባለና ራዲያተር ተቀየረ። ቀጥሎ የውሃ ፓምፑ። ከዚያ ቴርሞስታቱ፣ ከዚያ ቱቦዎቹ በሙሉ፣ ከዚያ ማራገቢያው። ከሥሯ አንዲት ጠብታ ውሃ አይወርድም፤ ራዲያተሩ ግን ሁልጊዜ ጎዶሎ ነው። ጠዋት ሞተሯ ሲነሳ ከጭስ ማውጫው የሚወጣው ነጭ ጭስ የጎረቤቱን የተሰጣ ልብስ ይሸፍናል። ኔሬይዳ ለሁሉም ከፈለች፤ አሁንም ይኸው ጀሪካን ታቅፋ ተቀምጣለች።

ገበያ የደረሰችው ሰው ሲበተን ነው። ነጋዴው የጠወለገውን ጎመን እያገላበጠ ዋጋውን ሰበረባት፤ አልተከራከረችም። ባዶዋን ፒካፕ ይዛ ቀጥታ ወደ ከተማው መግቢያ፣ ዋስካር የሚባል ወጣት መካኒክ ጋራዥ ነዳች። ዋስካር አንድም ቡሎን አልፈታም። የዘይት መለኪያውን መዝዞ አሳያት። ዘይቱ ወተት የገባበት ቡና መስሏል።

«ጓርኒሲዮኑ፣ የሞተሩ ክዳን ማሸጊያ፣ ተቃጥሏል» አላት። «ውሃው ወደ ዘይቱ እየገባ ነው። ቴስታታው፣ የሞተሩ የላይኛው ክዳን፣ ወርዶ ቶርኖ ቤት ሄዶ መስተካከል አለበት። ካልተሰነጠቀ ከነእጅ ዋጋው ሠላሳ አምስት ሺህ ፔሶ ትጨርሻለሽ። ከተሰነጠቀ ሌላ ወሬ ነው።»

«አባቴ ሞተሩ ያልተነካ ነው ይላል።»

«አሁን ይነካላ።»

ቤት ስትደርስ ወሬው ቀድሟት ገብቷል። ፒካፗን የማያውቅ ሰው በዚያ መንገድ ላይ የለም። ዶን ኤሊሂዮ የቤቱ በረንዳ ላይ እግሩን በርጩማ ላይ ሰቅሎ ይጠብቃታል።

«የማንም ጎረምሳ መኪናዬን እንዲፈታት ልታደርጊ ነው አሉ።»

«መኪናዬን ነው ያልከው፣ አባዬ? ስትበላሽ የኔ ናት፣ ስትወራ ያንተ?»

«አበ ልጄ ምን ይለኛል? ሠላሳ ዓመት የሠራት ሰው እያለ?»

«እሱን ራሱን እንጠይቀዋ።»

ቱሊዮን ልካ አስጠራችው። ሽማግሌው ገና እራት ሳይቀርብ መጣ፤ ባርኔጣውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠና ኔሬይዳ የነገረችውን እስከ መጨረሻው አዳመጠ። ከዚያ በረጅሙ ተነፈሰ።

«ልጁ ልክ ነው» አለ። «ጓርኒሲዮን ነው። ለአባትሽ ከነገርኩት ዓመት አልፎኛል።»

ኔሬይዳ አባቷን አየችው። አባቷ የአጥሩን በር አየ።

«ታዲያ ጋሽ ቱሊዮ፣ ራዲያተሩን ምን ብለህ አስገዛኸኝ?»

«ምን ላድርግ ልጄ? እሱ አትክፈት ይለኛል፣ አንቺ ሥራልኝ ትይኛለሽ። ሳይከፈት ሊቀየር የሚችለውን ሁሉ ቀየርኩልሽ።»

ሊያሾፍባት እንዳልሆነ ፊቱ ላይ ይታያል። ይሄ ነው ይበልጥ ያበሸቃት። የምትጮህበት ሰው እንኳ ነፈጋት። ወደ አባቷ ዞረች።

«ወይ ሰኞ ትከፈታለች፣ ወይ ማክሰኞ ለብረታ ብረት ትሸጣለች። ምረጥ። ደግሞ ግማሹን አንተ ትከፍላለህ።»

«እኔ ከየት አመጣለሁ?»

«ባለቤት ነኝ ካልክ የባለቤት ክፈል።»

«እንግዲያው በአበ ልጄ ዓይን ሥር ትከፈት» ብሎ ዶን ኤሊሂዮ ወደ ውስጥ ገባ። ሰኞ ጠዋት ፒካፗ በገመድ እየተጎተተች ወደ ቱሊዮ ግቢ ስትሄድ እሱ ጀርባውን ሰጥቶ ወደ ዶሚኖው ሄደ።

የቱሊዮ እጅ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ቆይቷል፤ ቡሎን ሲፈታ ቁልፉ ይሸሸዋል። ስለዚህ ማንጎው ሥር ወንበር አስቀምጦ እሱ እያየ ዋስካር ሠራ። ኔሬይዳ የሚፈታውን በጨርቅ ላይ በተራ ትደረድራለች። ቴስታታው እንደተነሳ ዋስካር ጎንበስ ብሎ አየ፣ በቢላ ጫፍ ፋቅ አደረገ፣ እንደገና አየ።

«ጋሽ ቱሊዮ፣ ይሄ ነው ያልተነካው?»

ቱሊዮ ወንበሩን ወደ ጥላው ሳበ።

«ይሄ ጓርኒሲዮን የፋብሪካ አይደለም። እዚህ ጋ ማጣበቂያ ተቀብቷል። ቡሎኖቹም ተቀይረዋል። ይሄ ሞተር ተከፍቶ ያውቃል።»

ቱሊዮ ቀና ብሎ ማንጎውን ማየት ጀመረ፤ ፍሬው ገና አልደረሰም፣ የሚታይ ነገር የለውም። ኔሬይዳ ጨርቁን ጥላ ፊቱ ቆመች።

«ጋሽ ቱሊዮ።»

«እናትሽ ናት» አላት። «ነፍሷን ይማርና ኤርሲሊያ ናት። አባትሽ ዓይኑን ሊታከም ዋና ከተማ የከረመ ጊዜ። ያኔም እንዲሁ ትፈላ ነበር፤ እሱም እንዲሁ አላስነካም ብሎ ነበር። እዚህ ድረስ አስጎትታ አመጣችና፣ ‹ቱሊዮ፣ ይሄ ሰውዬ ሳይመለስ ክፈትልኝ፣ ከተናገርክ ደግሞ ከቤቴ እህል አትቀምስም› አለችኝ። ሁለት አሳማ ሸጣ ከፈለች።»

«አባዬ ተመልሶ ሲነዳትስ ምን አለ?»

«‹ሞተሩ ማረፉ በጅቶታል› አለ።»

ዋስካር ፊቱን ወደ ሞተሩ ደበቀ፤ ትከሻው ግን ሲንቀጠቀጥ ይታያል። ኔሬይዳ አልሳቀችም። እናቷ ስለዚህች መኪና አንድም ቀን ክፉ ስትናገር ሰምታ አታውቅም፤ አባቷ ሲኮራባት ዝም ብላ አጠገቡ ትቀመጥ ነበር። ለካ ዝም ያለችው ችላው አይደለም፣ ጉዳዩን በስውር ጨርሳው ነው። ኔሬይዳ እጇን እንኳ ሳትታጠብ ወደ ሱቁ ወጣች።

ዶን ኤሊሂዮ ለሦስቱ አጫዋቾቹ፣ «ዛሬ የሰው እጅ ገባባት» እያለ ሲያዝን ደረሰች። ጠረጴዛው አጠገብ ቆማ የሰማችውን ሁሉ በሰው ፊት ነገረችው፤ ቴስታታውን፣ ማጣበቂያውን፣ ዓይኑን የታከመበትን ጊዜ፣ አሳማዎቹን። አንዱ አጫዋች የዶሚኖ ድንጋዩን እንደያዘ አፉን ከፍቶ ቀረ። አባቷ እስክትጨርስ አላቋረጣትም።

«ሁለት አሳማ አልሽኝ?» አለ በመጨረሻ።

«ሁለት።»

«በበሽታ ሞቱ ነው ያለችኝ። እንዳይዛመት ብላ ራሷ ቀበረቻቸው።» የያዘውን ድንጋይ አገላብጦ አየ። «እኔ ደግሞ ለሴቷ አሳማ አዝኜላት ነበር።»

ጠረጴዛው በሳቅ ፈረሰ። ዶን ኤሊሂዮ አልሳቀም፤ ግን አልተቆጣም። ድንጋዩን አስቀመጠና አጫዋቾቹን ተራው የማን እንደሆነ ጠየቀ። ኔሬይዳ እዚያ የሄደችው ሲያፍር ለማየት ነበር፤ ማፈሩ አልመጣላትም። ተናዳ ተመለሰች፤ መንገድ ላይ ግን እናቷ በሌሊት ልብሷ አካፋ ይዛ ባዶ ጉድጓድ ስትደፍን ታየቻትና ብቻዋን ሳቀች።

ቴስታታው ጠሟል እንጂ አልተሰነጠቀም። ቶርኖ ቤት ሄዶ ተስተካክሎ መጣ፤ ዋስካርም መልሶ ገጠመው። ሐሙስ ዕለት ዶን ኤሊሂዮ የተጠቀለለ ገንዘብ ምግብ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ፤ ከግማሽ ትንሽ ያንሳል።

«እናትሽ በሁለት አሳማ ነው የጨረሰችው» አለ። «ዋጋ መከራከር አትችይም አንቺ።»

ኔሬይዳ ገንዘቡን አንስታ ኪሷ ከተተች፤ አንድ ቃል ብትናገር መቶ እንደምትናገር ስለምታውቅ ሳህኖቹን ማንሳት ጀመረች።

በማግስቱ ጎመኑን ጭና ስትጨርስ አባቷን ባርኔጣውን ደፍቶ ከፊት ወንበር ላይ ተቀምጦ አገኘችው። ማንም አልጠራውም። ዳገቱን ወጡት። የሙቀት መለኪያዋ መርፌ ቦታዋን አልለቀቀችም፤ ጀሪካኑ ከኋላ እንደ ሞላ ይንቦጫቦጫል። ጫፍ ላይ ሲደርሱ ዶን ኤሊሂዮ ጆሮውን ወደ ኮፈኑ አዘነበለ።

«ድምፅዋ ተቀየረ» አለ። «በፊት ይሻላት ነበር።»

ኔሬይዳ መሪውን ጠበቅ አድርጋ ይዛ ማርሽ ቀየረች።