ደጋ ላይ ያለ ጨው

ወይንሸት በዚያ ቅዳሜ እንደ ሌላው ቀን ሁሉ ከንጋቱ አሥራ አንድ ተኩል ላይ ነቃች። አልጋዋን አነጠፈች፣ ፊቷን ታጠበች፣ ሻይ ጣደች። አንድ ቁራጭ ዳቦ ጠበሰችና ግማሹን ቆማ፣ ግማሹን ተቀምጣ በላች። የሰኞ ሸሚዟን ተኮሰችና በሩ ላይ ሰቀለችው። ከወጥ ቤቱ መስኮት ቁልቁል ሲታይ፣ የሲያትሉ ማውንት ቤከር ጣቢያ ላይ የማለዳ ባቡሮች ባዷቸውን ይመጣሉ፣ ባዷቸውን ይሄዳሉ። ሌሊቱን ዘንቦ አባርቷል። ከሕንፃው ሥር፣ የመኪና ማቆሚያው ጥግ ላይ፣ ሸራ የለበሰ አሮጌ ፒክአፕ ቆሟል፤ ሸራው ላይ ውሃ አቁሯል። ፒክአፑን አይታ እንዳላየች ማለፍ ከለመደች ሁለት ዓመት ሊሞላት ነው።

ሁለት ሰዓት ላይ ልጇ ሃሴት ከፖርትላንድ ደወለች።

«ማሚ፣ ሶ፣ ፈቃድ ሰጡኝ። ጁን ላይ ሁለት ሳምንት።»

«ደስ ይላል። ትመጫለሽ?»

«ኖ፣ እንሄዳለን። አባዬ ሊሄድ ያቀደበት። ቦሊቪያ።»

ወይንሸት የሻይ ብርጭቆዋን አስቀመጠች። «ያን ሁሉ መንገድ?»

«ያን ሁሉ መንገድ እኮ እሱ ጽፎታል። ኦንላይን ያለው ሁሉ ለቱሪስት ነው፣ ሾፌር የሚፈልገው የለበትም። ደብተሩን ፎቶ አድርገሽ ላኪልኝ።»

«እንግዲህ የት እንዳስቀመጥኩት...»

«ሦስተኛው መሳቢያ። ከአንሶላዎቹ ሥር።»

ልጅቷ ቦታውን ታውቃለች ብላ አስባ አታውቅም።

«እሺ» አለች ወይንሸት። «አይቼ እደውልልሻለሁ።»

ደብተሩን ባሏ ከሞተ ወዲህ ከፍታው አታውቅም። ሰው ቢጠይቃት ሐዘን ነው ትል ነበር፤ ግን የሚጠይቃት አልነበረም፣ ሐዘንም ብቻ አልነበረም። በዚያ ደብተር ውስጥ ከባሏ ዕቅድ ጋር የእሷም ውሸት ተቀምጦ ነበር።

ባሏ ሕዝቅኤል የሆሳዕና ሰው ነው። በዲቪ አሜሪካ ከመምጣታቸው በፊት አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ተሳቢ ያለው ፊያት ነድቷል፤ ከዚያ ውስጥ የበዛው በአሰብ መንገድ ላይ ያለቀ ነው። ጨው የሚያውቀው ከዚያው ነው፤ ሙቀት፣ ላብ፣ በቀትር የሚፈነዳ ጎማ። ሲያትል ከገቡ በኋላ ከኤርፖርት ወደ ሆቴል መንገደኛ የሚያመላልስ ሚኒባስ ይነዳ ጀመር። በፈረንጆቹ 2009 አንድ ማታ፣ መንገደኛ ወንበር ላይ ጥሎት የሄደውን መጽሔት ይዞ ገባና ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው።

«ወይኒ፣ እስቲ ይህን አንብቢልኝ። ሰዎቹ ካፖርት ለብሰዋል።»

«በረዶ ላይ ቆመው ምን ይልበሱ?»

«በረዶ አይደለም፣ ጨው ነው።»

እውነትም ጨው ነበር። ቦሊቪያ ውስጥ፣ ከባሕር በላይ ሦስት ሺህ ስድስት መቶ ሜትር ላይ፣ ዓይን እስኪሰለች ድረስ የተዘረጋ ነጭ ሜዳ። ዳርቻ የለውም፣ አስፋልት የለውም፣ መኪና በፈለገበት አቅጣጫ ይሄድበታል።

«ደጋ ላይ ጨው» አለ ሕዝቅኤል ፎቶውን በጣቱ እየነካ። «ሰው ጋቢ ደርቦ የሚነዳበት ጨው። እኔ እዚያ ማዶ በቁምጣ ስቀቀል፣ ለካ የደጋውም ነበረ።»

በማግሥቱ ሰማያዊ ሽፋን ያለው ደብተር ገዛ። ሌላ ሰው ጉዞ ሲያቅድ የሚያየውን ነገር ይጽፋል። ሕዝቅኤል የጻፈው የሚበላሸውን ነገር ነው። ላ ፓዝ ሁለት ቀን ማረፍ፣ ደም ከፍታውን እንዲለምድ። ከዚያ ኦሩሮ፣ ከኦሩሮ ኡዩኒ። በዝናብ ወቅት ጨዉ ላይ ውሃ ይተኛል፣ አይገባም። ዳር ዳሩ ስስ ነው፣ መኪና ይሰጥማል፤ ሌላ ጎማ ባለፈበት ብቻ ይገባል። ሁለት ስኮርታ ጎማ፣ ሁለት ጀሪካን። ሲወጣ በዚያው ቀን የመኪናውን ሆድ በውሃ ማጠብ፣ ጨው ብረት ይበላል። አንድ ገጽ ላይ እንዲህ ይላል፦ ሞተርም እንደ ሰው ነው፤ ከፍታ ላይ ትንፋሽ ያጥረዋል፤ ማርሽ መቀነስ።

ዕቅዱን በየጊዜው ያሻሽለዋል። በየጊዜው አዲስ ገጽ ይጀምራል፤ በየገጹ አናት ላይ፣ ድሮ የጭነት መኪና ድርጅቱ ያስሞላው እንደነበረው ወረቀት፣ ሁለት መስመር አለ። ሾፌር፦ ሕዝቅኤል። ረዳት፦ ወይንሸት። ለገበያ ሲወጡ እንኳ በር ላይ ቆሞ፣ «ረዳት፣ ጎማ ታይቷል?» ይላታል። «ታይቷል ጌታዬ» ትለዋለች፤ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ባዮሎጂ የተማረችው ሴት፣ የእጅ ቦርሳዋን እንደያዘች።

ወይንሸት ሥራዋ አስተርጓሚነት ነው። የሆስፒታል አስተርጓሚ። የሥራው ሕግ አጭር ነው፦ የተባለውን ሁሉ መናገር፣ አለመጨመር፣ አለመቀነስ፤ ለገዛ ቤተሰብ አለማስተርጎም። ለአዲስ ገቢዎች ይህን የምታስተምረው ራሷ ነበረች። በፈረንጆቹ 2012 ሕዝቅኤልን ሳል ይዞ አልለቅ ሲለው ግን፣ ሌላ አስተርጓሚ አልቀበልም አለ። «ሚስቴ እያለች የሰው ሰው ሳንባዬን አይሰማም» ብሎ፣ አልፈልግም የሚለውን ቅጽ ፈረመ።

የመጋቢት አሥራ ሁለቱን ቀጠሮ አትረሳውም። ሐኪሟ ወጣት ናት፣ ቀስ ብላ ነው የምትናገረው። ከመናገሯ በፊት ሕዝቅኤል ቀደማት።

«በነሐሴ ከፍታ ቦታ ልነዳ ነው፣ ሳንባዬ ይችላል ወይ በይልኝ።»

ወይንሸት አንድም ሳታጎድል ተረጎመች። ሐኪሟ መልሱን የሰጠችው በሽተኛውን እያየች ነው፤ እንደዚያ ነው የሚማሩት። በሽታው ተሰራጭቷል። አራት ወር፣ ቢበዛ ስድስት። ነሐሴን የምትደርስ አይመስለኝም፤ ብትደርስም ከቤትህ ባትርቅ ይሻላል።

ከዚያ የእሷ ተራ ሆነ።

አገር ቤት ቢሆን ይህን ወሬ ሐኪሙ ለበሽተኛው አይነግርም። ወንድሞቹን ወደ ውጭ ይጠራል፣ ወንድሞቹ ሽማግሌ ያማክራሉ፣ ሽማግሌዎቹ ይነገረው አይነገረው ብለው ያወርዳሉ፣ ያወጣሉ። እዚህ ወንድምም፣ ሽማግሌም፣ አስተርጓሚም እሷ ብቻ ነበረች። ሕዝቅኤል ዓይን ዓይኗን እያየ ይጠብቃል።

«ሕክምናው ይረዝማል አለች» አለችው። «ከፍታውን ቀስ እያላችሁ ውጡ፣ አትቸኩሉ አለች።»

«እሺ» አለ። ወደ ሐኪሟ ዞሮ በእንግሊዝኛ አመሰገናት።

በሳምንቱ ከበድሩ ፒክአፑን ገዛ። በድሩ ዋይት ሴንተር ሰፈር ጋራዥ ያለው የስልጤ ልጅ ነው። መኪናው ማርሹ በእጅ የሚቀየር ነበር።

«ቦሊቪያ የሚያከራዩት እንዲህ ያለውን ነው» አላት ሕዝቅኤል። «ሾፌር ሲደክመው ረዳት ካልነዳ፣ ረዳት ምን ያደርጋል?»

«እነዳለሁ እኮ። አሥር ዓመት ነድቻለሁ።»

«አውቶማቲክ? እሱ መንዳት አይባልም፣ ሊፍት ውስጥ መቆም ነው።»

ከዚያ በኋላ በየማታው ማውንት ቤከር ዳገት ላይ ያወጣታል። ፍሪሲዮኑን ቶሎ ትለቀዋለች፣ ሞተሩ ይጠፋል፣ ከኋላ ያለው መኪና ጡሩምባውን ይነፋል።

«ይንፋ» ይላል ሕዝቅኤል መሐረቡን አፉ ላይ ይዞ። «እሱም ሲማር እንዲህ ነበር። ማርሽ ቀንሺ።»

«ቀነስኩ።»

«አልቀነስሽም፣ ልቀንስ ብለሽ አስበሻል። ቀንሺ።»

ጉዞው የማይሆን መሆኑን እያወቀች ማርሽ ቀነሰች። ስለ ነሐሴ አወራች። ሹራብ ገዛችለት። አልጋ ላይ ሲውል እንኳ ዓይኑን ጨፍኖ ይጠይቃታል።

«ከኦሩሮ ኡዩኒ?»

«ሦስት መቶ አሥር።»

«ነዳጅ?»

«ቻላፓታ።»

«ጎበዝ።»

እያታለለችው እንደሆነ ታውቅ ነበር። ጎበዝ ባላት ቁጥር ወደ መታጠቢያ ቤት ሄዳ ቧንቧ ትከፍታለች። ነሐሴ ገባ፤ ሕዝቅኤልም ወሩ በገባ በዘጠነኛው ቀን ሞተ። ለቅሶ ቤት የመጡት ሰዎች፣ ምንም ሳያውቅ በተስፋ ሄደ፣ ጥሩ አሟሟት ነው አሏት። እሷም ራሷን ነቀነቀች።

አሁን ሦስተኛውን መሳቢያ ከፈተች። አንሶላዎቹን አነሳች። ደብተሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ከመጀመሪያው ገጽ አንሥታ ፎቶ እያደረገች ላከች፤ ላለማንበብ እየሞከረች። ሾፌር፦ ሕዝቅኤል፣ ረዳት፦ ወይንሸት፤ ሾፌር፦ ሕዝቅኤል፣ ረዳት፦ ወይንሸት። መጨረሻው ገጽ ላይ ስልኳን ዝቅ አደረገች።

ሾፌር፦ ወይንሸት።

ረዳት የሚለው መስመር ፊት ለፊት ምንም አልተጻፈም። የተሠረዘም የለበትም፣ ባዶ ነው። የቀን መንገዱ አጥሯል፤ ድሮ አራት መቶ ኪሎ ሜትር የነበረው ሁለት መቶ ሆኗል። ከሥሩ በዚያ ደቃቅ ጽሕፈቱ እንዲህ ይላል፦

«ከአሥር ሰዓት በኋላ አትንጂ። ውሃ ጠጪ። ራስሽን ካመመሽ ተመለሺ፣ ነውር የለውም። ጨዉ ላይ መሪውን አጥብቀሽ አትያዢ፣ የሚያጋጭሽ ነገር የለም። መነሻ ቀን፦ ሲሻልሽ።»

ቀኑን አየች። በአገር ቤት አቆጣጠር መጋቢት 12 ቀን 2004። በዚያ ቀን ከሆስፒታል ተመልሰው፣ ትንሽ ጋደም ልበል ብሎ በሩን ዘግቶ ነበር። እሷ ወጥ ቤት ቆማ፣ ምንም አልገባውም፣ ተመስገን ስትል፣ እሱ ከበሩ ወዲያ ይህን ይጽፍ ነበር።

መጽሔቱ ትዝ አላት። አንብቢልኝ ብሎ ሰጥቷት ሳታነብ በፊት ጨው ነው ያላት። ዓመታት ሙሉ መንገደኛ ሲያመላልስ የኖረ ሰው፣ ከኋላው የሚወራውን ሁሉ ሲሰማ የኖረ ሰው። ሐኪሟ ስትናገር ሰምቷል፤ እንግሊዝኛው ገብቶታል። ከዚያ ዞሮ ሚስቱን አየ፤ የምትሰጠውን ጠበቀ፤ የሰጠችውን እሺ ብሎ ተቀበለ። አምስት ወር ሙሉ እዚያች መኪና ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ እሷ ለእሱ ብላ ስትደብቅ እሱም ለእሷ ብሎ ደበቀ።

ስልኩ ጮኸ።

«ማሚ፣ የመጨረሻዋ ገጽ አልመጣችም።»

«የመንገዱ ነገር ናት» አለች ወይንሸት። ድምፅዋ እንደ ሥራ ድምፅዋ ነበር። «እኔ ነኝ የምነዳው።»

«አንቺ? ሪሊ?»

«እንደዚያ ይላል።»

«ኦኬ። ረዳትስ ማን ይላል?»

«አልጻፈም።»

«እኔ ነኛ» አለች ሃሴት። «ግን ጎማ መቀየር አልችልም።»

«ትማሪያለሽ» አለች እናቷ።

ከሰዓት በኋላ በድሩ የባትሪ ገመድ ይዞ መጣ። ሸራውን ሲገልጠው ያቆረው ውሃ ጫማው ላይ ፈሰሰ።

«እትዬ ወይንሸት፣ መኪና ነው የጠሩኝ ወይስ ኩሬ?» አለና ኮፈኑን ከፈተ። ሞተሩ ሲነሣ እጁን ጠራርጎ በሩን ከፈተላት። «ወንበሩን አይንኩት። ጋሽ ሕዝቅኤል በእርስዎ ልክ ነው ያሳሰሩት።»

«ሲያስተምረኝ?»

«ኧረ ሲገዙት። እርስዎ ሳያዩት በፊት። እሳቸው ለራሳቸው አንዴም አልነዱት፤ እዚህ ድረስ ያመጣሁትም እኔ ነኝ።»

አመሰገነችውና ገብታ ተቀመጠች። እግሯ ፍሪሲዮኑ ላይ ልክ አረፈ።

ብቻዋን ወደ ዳገቱ ነዳች። ግማሽ ላይ ስትደርስ መኪናው ተንቀጠቀጠና ሞተሩ ጠፋ። የእጅ ፍሬኑን ሳበች። ከኋላዋ አንድ መኪና መጥቶ ቆመ፣ ጡሩምባ ግን አልነፋም። ወይንሸት ቀና ብላ ተቀመጠች፤ ከዚያ ወደ ጎን ዞር ብላ፣ ሥራዋን እንደምትሠራው፣ ሳትጨምር፣ ሳትቀንስ ተናገረች።

«በሽታው ተሰራጭቷል አለች። አራት ወር፣ ቢበዛ ስድስት አለች። ነሐሴን የምትደርስ አይመስለኝም፤ ብትደርስም ከቤትህ ባትርቅ ይሻላል አለች።»

ሞተሩን አስነሣች፣ የመጀመሪያውን ማርሽ አስገባች፣ ፍሪሲዮኑን ቀስ አድርጋ ለቀቀች። መኪናው ዳገቱን ይወጣ ጀመር።

ከጎኗ ያለው ወንበር ባዶ ነው። ማርሽ ቀንሺ የሚላት የለም።