የአዴር ዋርሳሜ ጢም

ጸደንያ ኮድቡር በሚባለው ሰፈር በተከራየችው ቤት ግቢ ውስጥ ጨርቅ ታቀልማለች። ከጭማቂ ቤቶች የሮማን ልጣጭ ሰብስባ ትቀቅላለች፤ የጥጥ ጨርቅ ትነክርበትና እየቀጣጠለች ግድግዳ የሚሞላ ሥዕል ትሠራለች። ባለቤቶቹ፣ ሰፈሩ ሁሉ በሶማልኛ አዴር ማለትም አጎቴ የሚላቸው ዋርሳሜና ሚስታቸው ወይዘሮ ሙልኪ፣ መጀመሪያ ሰሞን የምትቀቅለው ነገር ይበላል ብለው ሲጠብቁ ከርመዋል።

አዴር ዋርሳሜ ሸበቶ ጢማቸውን እንደ እኩዮቻቸው በሂና ያቀሉታል። አንድ ሐሙስ ግን ሂናቸው አለቀ። ወይዘሮ ሙልኪ ጋአን ሊባህ ሰፈር ያለች ልጃቸውን ሊጠይቁ ሄደዋል፣ ጸደንያም ገበያ ናት። ጥላ ሥር የተቀመጠውን የጸደንያን ድስት ቢከፍቱ ቡናማ ውሃ ነው። ያው ሂና ነው ብለው ጢማቸውን ዘፈቁት።

ድስቱ ውስጥ ከሮማኑ ጋር የዛገ ሚስማር የተዘፈዘፈበት ውሃ ነበረበት። እንዲህ ያለው ቀለም ሲነከር ቡናማ ይሆንና ነፋስ ሲያገኘው ይጠቁራል። አዴር ዋርሳሜም ከቤት ቡናማ ሆነው ወጥተው መስጊድ ሲደርሱ ጠቁረው ነበር። ከሶላት በኋላ ጓደኞቻቸው ከበቧቸው። አንዱ ጥቁር ቀለም ለጢም እንደማይፈቀድ አስታወሳቸው፤ ሌላው ሙሽራዋ የማን ልጅ እንደሆነች ጠየቃቸው።

አዴር ዋርሳሜ አላስተባበሉም፤ ሊያገቡ ነው የሚለው ወሬ ከእሳቸው ቀድሞ ወይዘሮ ሙልኪ ጆሮ ገባ። ወይዘሮዋ በስደት ዘመን ጅግጅጋ ኖረዋልና አማርኛ ይችላሉ። ቀጥታ ወደ ጸደንያ ክፍል መጡ።

«ሽማግሌዬ ጎረምሳ ሆኖ መጥቷል» አሉ በረጋ ድምፅ። «ሴትዮዋን ታውቂያታለሽ?»

ጸደንያ ስለ ሴት የምታውቀው አልነበራትም። ድስቷ መጉደሉን ግን ከገበያ እንደተመለሰች አይታለች፤ ክዳኑ ላይም ሥሩ ሸበቶ፣ ጫፉ ብርቱካንማ የሆነ አንድ ፀጉር ተጣብቆ ነበር። ያየችውን ነገረቻቸው። ወይዘሮ ሙልኪ ፀጉሩን በሁለት ጣት አንስተው ወደ ብርሃን ያዙት፣ አወቁትም። ከዚያ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ።

አዴር ዋርሳሜ በፎጣ ተሸፋፍነው ጓዳ ተቀምጠው ነበር። ለምን እውነቱን እንዳልተናገሩ ሲጠየቁ፣ የተከራይ ድስት ከፍቶ ጢም ከመንከር ሁለተኛ ሚስት ማጨት ይሻላል ብዬ ነው አሉ። ይህን በማለታቸው ወይዘሮ ሙልኪ ሻይ ከለከሏቸው።

ጸደንያ ሎሚ ጥቁሩን እንደሚያስለቅቅ ታውቃለች። ጨርቋ ላይ ጌጥ የምታወጣውም በሱ ነው። ጨርቅ ግን አይቃጠልም፣ አይጮኽም። አዴር ዋርሳሜ ሎሚው ጉንጫቸውን ሲለበልባቸው አላህን እየጠሩ ታገሡ። ጥቁሩ እየለቀቀ ሄዶ ከሥሩ ያለው የድሮ ሂና ብቅ አለ፤ ጢማቸው የበሰለ ተምር መሰለ። እንደ ወትሮው ብርቱካንማ አይደለም፣ ጥቁርም አይደለም። ወይዘሮ ሙልኪ አገጫቸውን ይዘው ወዲህና ወዲያ አዟዟሩት፤ ሻዩንም ፈቀዱ።

በማግስቱ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ሦስት ሽማግሌዎች ግቢው በር ላይ ቆመው ተገኙ። ያንኑ የተምር ቀለም ፈልገው ነው። ጸደንያ ሥራዋ ጨርቅ መሆኑን ለማስረዳት ሞከረች፤ አንደኛው ጢምም ክር ነው ብለው ተከራከሯት።

ወይዘሮ ሙልኪ ከውስጥ ወጥተው በሩን በሰውነታቸው ዘጉት።

«መጀመሪያ ሚስቶቻችሁን አስፈቅዳችሁ ኑ» አሏቸው።

ሁለቱ እንደሄዱ ቀሩ። ሦስተኛው ከአንድ ሰዓት በኋላ ከነሚስታቸው ተመለሱ። ሚስትየው ከባላቸው ቀድመው፣ ሻሻቸውን ፈትተው ሽበታቸውን እያሳዩ ጸደንያ ፊት በርጩማ ላይ ተቀመጡ።