ኤልዳናን ለማየት ሰማንያ አምስት ዶላር

ለተማርያም ልጇ ኤልዳና ቦክስ ስትጋጠም አንድም ቀን አይታ አታውቅም። ግጥሚያ ባለ ቁጥር ስልኳን አጥፍታ ትጸልያለች፤ ውጤቱን ከሰው ትሰማለች። ባለፈው ሳምንት ግን ኤልዳና ከለንደን ደውላ፣ «እማዬ፣ ቅዳሜ ትልቅ ፕሮግራም ላይ ነው የምጋጠመው። ይቺን አንዴ እዪኝ» አለቻት። እምቢ ማለት አቃታት።

ለንደን ሲመሽ ሎስ አንጀለስ ቀትር ነው። ቅዳሜ ቀትር ላይ ደግሞ ለተማርያም ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ባለው በተስፋሁን ሬስቶራንት ውስጥ ወጥ ትሠራለች። ትልቁን ቲቪ እንዲከፍትላት ተስፋሁንን ለመነችው።

«ድሮ እከፍት አልነበር?» አላት። «አሁን አስተላላፊው ኩባንያ ሬስቶራንትን የሚያስከፍለው በወንበር ቁጥር ነው። ባለፈው ሁለት ሺህ ዶላር ጠየቁኝ። ቀኑን ሙሉ የምሸጠው ክትፎ አይሸፍነውም።»

ስርጭቱን በራሷ ስልክ ልትገዛ ወሰነች። አስተናጋጇ ሄራን ዋጋውን ስታይ ቅንድቧን ሰቀለች። «ሰማንያ አምስት? አምና እኮ ስድሳ አምስት ነበር።»

«ልጄ ናት፤ ክፈዪው» አለች ለተማርያም ካርዷን እያቀበለቻት።

ስልኩን ከበርበሬው ዕቃ ጋር አስደግፋ ሽንኩርት እየከተፈች ጠበቀች። ወንዶች ተጋጠሙ። የውርርድ ማስታወቂያ መጣ። ሱፍ የለበሱ ሰዎች ሲያወሩ ቆዩ፤ ሌሎች ወንዶች ተጋጠሙ። ደወል በተሰማ ቁጥር እጇን ጠርጋ ትጎነበሳለች። ኤልዳና የለችም። ከሦስት ሰዓት በኋላ ዋናዎቹ ገቡ፤ በሁለተኛው ዙር አንዱ ወደቀ፣ ስርጭቱም አለቀ።

ሄራን ኢንተርኔት ላይ ፈለገች። «እትዬ፣ ተጋጥማለች። ሰዓት አጥሯቸው የሷን ሳያስተላልፉት ቀሩ።» ትንሽ አመነታችና፣ «በነጥብ ተሸንፋለች» አለች።

ለተማርያም ኩባንያው ጋ ደወለች። አርባ ደቂቃ ሙዚቃ አሰሟት። በመጨረሻ አንድ ሰውዬ፣ ዋናው ግጥሚያ ስለታየ ገንዘብ እንደማይመለስ፣ ከፈለገች ግን ለመጪው ወር ግጥሚያ አሥር ዶላር እንደሚቀንስላት ነገራት። የመጪው ወር ዋጋ ዘጠና አምስት ነበር። ስልኩን ዘጋችበት።

ወዲያው ኤልዳና ደወለች። በቪዲዮው ላይ የግራ ዓይኗ አብጧል።

«እማዬ፣ አየሽ አይደል? እኔ ነበርኩ ያሸነፍኩት። መጨረሻ ላይ እንዴት እንዳስጨነቅኳት አይተሻል። እስቲ አንቺ ፍረጂ።»

ለተማርያም አዎ ልትል አፏን ከፈተች። ግን ቀጥላ ብትጠይቃት ምን ትላለች?

«ከፍዬ ነበር፣ የኔ ልጅ። አንቺን አላሳዩኝም።»

«እንግዲያ ማንም አላየኝም» አለች ኤልዳና።

«እኔ ልስማሽ። ከመጀመሪያው ዙር ጀምረሽ ንገሪኝ።»

ኤልዳና ስልኩን አግዳሚ ላይ አቁማ፣ ተነሥታ በእጇ እያሳየች ጀመረች። ሁለተኛው ዙር ላይ ስትደርስ ሐኪሙ ዓይኗን ሊያይ ጠራት። ለተማርያም ባዶውን ክፍል እያየች ጠበቀቻት። ኤልዳና ሳትመለስ መስመሩ ተቋረጠ።