ያልተጠረገው ቦታ

ሰው አስቦ የጻፈውን መስመር ማሽን ከምን ተነስቶ ይሰርዘዋል? ሙሚና ይህን ጥያቄ ከትናንት ጀምራ ታገላብጠዋለች። እስከ ስድስተኛ ክፍል ድረስ ተምራለች፤ ለሰፈሩ ሴቶች ደብዳቤ የምታነብላቸው እሷ ናት። የልጅ ልጇ ሶፊያ ከአዲስ አበባ ይዛባት የመጣችው ነገር ግን ከደብዳቤ በላይ ሆነባት።

ሶፊያ የምትሠራው በአንድ መሥሪያ ቤት ኮምፒዩተር ክፍል ነው። የብሔራዊ ውትድርና ዕጩዎችን የሚለየውን ፕሮግራም የጻፈችው እሷ ናት። የትውልድ ከተማዋ የአሰበ ተፈሪ ዝርዝር ታትሞ ሲወጣ የጎረቤታቸው የዓለምሸት ልጅ፣ ዘገየ፣ «ብቁ» ተብሎ አየችው። ዘገየ የሚጥል በሽታ አለበት። ፈቃድ ጠይቃ በአውቶቡስ ብትከንፍም አልደረሰችበትም። ልጁ ከመልማዮቹ ግቢ ገብቷል፤ ምልምሎቹን የሚጭነው መኪና ነገ ሐሙስ ይነሳል።

«እስቲ እንደገና ንገሪኝ» አለች ሙሚና፣ በሩን ገርበብ አድርጋ። «ቀስ ብለሽ።»

«የቀበሌ ቤት አድርገሽ ውሰጂው፣ አኮ» አለች ሶፊያ፣ አያቷን እንደለመደችው በኦሮምኛ እየጠራች። «የማሽኑ ሜሞሪ፣ መረጃ የሚያኖርበት ቦታ፣ ጠባብ ነው። ላንዱ ሰው ቦታ እሰጣለሁ፤ ጉዳዩ ሲያልቅ አስለቅቄ ለሚቀጥለው። ከማስለቀቄ በፊት ጥረግ የሚል መስመር ጽፌ ነበር።»

«ታዲያ አልጠርግም ያለው ማነው?»

«ኮምፓይለሩ። የጻፍኩትን ወደ ማሽኑ ቋንቋ የሚገለብጠው። ሥራ ይፍጠን ብዬ ትርፍ ትርፉን ቀንስ አልኩት። እሱም ‹ሊለቀቅ ያለ ቤት መጥረግ ከንቱ ድካም ነው› ብሎ መስመሬን ጣለው።»

«እንደኛ ቀበሌ ሊቀመንበር ነዋ!»

ሶፊያ አልሳቀችም። «ዘገየ ሲገባ ከእሱ በፊት የነበረው ጎረምሳ ውጤት፣ ‹ብቁ› የሚለው፣ እዚያው ቁጭ ብሎ ጠበቀው። ቅጹ ላይ ሕመሙ ተሞልቶ ቢሆን በላዩ ይጻፍበት ነበር። ባዶ ነው። ባዶ ከሆነ ሐኪም ይየው እንዲል ነበር ያዘዝኩት፤ ማሽኑ ግን ባዶነቱን መች አየ?»

ሙሚና ዓይኗን ወደ መሬት ጣለች። ባዶ ያስተወችው እሷ ናት። ዓለምሸት ቅጹን ይዛ ስትመጣ፣ «እንዲህ ያለ በሽታ በቀለም አይጻፍም፤ ነገ ማን ሴት ልጁን ይድርለታል?» ብላ እስክሪብቶውን ከእጇ የወሰደችው እሷው ናት።

«ሄጄ ስህተቱ የኔ ነው እላቸዋለሁ» አለች ሶፊያ።

«አሻጥረኛ ይሉሻል! አባትሽም በቀይ ሽብሩ ጊዜ፣ በሰባ ዓ.ም.፣ ‹አስረድቼ እመለሳለሁ› ብሎ ነው የወጣው። ሬሳውን እንኳ አላሳዩኝም። አንድ አንቺ ነሽ የቀረሽኝ።»

በሩ ተንኳኳ። ዓለምሸት ናት፤ በነጠላዋ ጫፍ የቋጠረችው ዳቦ አልተነካም።

«አላስገቡኝም፣ አደ ሙሚና። ልጄ ይወድቃል፣ አረፋ ይደፍቃል ብላቸው፣ አንዱ ‹የእናት ሁሉ ልጅ ዛሬ በሽተኛ ሆነ› ብሎ ሳቀብኝ። ወረቀቱ ብቁ ይላል አሉ። ወረቀቱን የሠራው ሰው ይምጣና ተሳሳትኩ ይበል አሉ።» ወደ ሶፊያ ዞረች። «ሶፊዬ፣ አንቺ አዲሳባ ነሽ። ይህን ወረቀት የሚሠራ ሰው አታውቂም?»

ሶፊያ አፏን ከፈተች። ሙሚና ቀደመቻት።

«እሷ ምን ታውቃለች? ታይፕ ነው የምትመታው። ወላሂ፣ ከዚያ ሌላ አታውቅም!»

መሐላው ቤቱ ውስጥ ቀረ። ሙሚና በሕይወቷ በሐሰት ምላ አታውቅም።

ዓለምሸት አመነቻት። እንዲያውም ጎንበስ ብላ የሙሚናን ጉልበት ነካች። «እርስዎስ በምን ዕዳዎ? ያኔ ባዶውን ተይው ያሉኝ ለልጄ ክብር ብለው ነው። እግዜር ይስጥልኝ። ብቻ እሳት አጠገብ እንዳይወድቅብኝ...» ቃሏን ሳትጨርስ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

ሙሚና ዞራ ሶፊያን ለማየት ፈራች። የሰማችው የአልጋውን ሲጥሲጥታ ነው፤ ቀጥሎ ልጅቷ ጫማዋን ስታጠልቅ። አንዱን አጠለቀች፤ ሌላውን። የመሥሪያ ቤት መታወቂያዋን ከቦርሳዋ አወጣች።

«ሶፊያ! አውቶቡስ ተራ ነው አይደል የምትሄጂው? ልሸኝሽ?»

ሶፊያ በዓለምሸት አጠገብ አልፋ፣ አያቷን ሳታይ በሩን ከፍታ ወጣች፤ ወደ መልማዮቹ ግቢ በሚያወጣው ዳገት በኩል።